«የሞተ ቋንቋ ነው የምትማሪው?» አለችኝ እናቴ

ሰላም ለእርስዎ እትዬ፣

ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል ውስጥ፣ ፔንዛንስ አጠገብ ነው። ባሌ የአካባቢው ተወላጅ ነው። ሰባት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችን። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ፈረቃ ነው።

እዚህ አገር ኮርኒሽ የሚባል የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። የባሌ አባት ጡረታ ከወጡ በኋላ ሊማሩ ተነሡና «ብቻዬን ከምሄድ አብረሽኝ ነይ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። የማታ ትምህርት ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ሰላምታ፣ ቁጥር፣ የምግብ ስም እያልን ደስ ይል ነበር። ከዚያ አስተማሪዋ የጆዋንን ተረት ፎቶ ኮፒ አድርጋ ሰጠችን። ሥራ ፍለጋ ከቤቱ የወጣ ሰው ታሪክ ነው። «ቃላት የምትሰበስቡት ከዚህ ነው፤ ከገና በኋላ እያንዳንዳችሁ ድርሻችሁን በቃላችሁ ትተርካላችሁ» አለችን።

እኔ በየቃሉ አናት ላይ ትርጉሙን በእርሳስ እጽፋለሁ። ወረቀቱ ከመጥቆሩ የተነሣ ዋናው ጽሑፍ አይታይም። አንድ ሌሊት አረጋውያኑ ከተኙ በኋላ በ«ው» የሚጀምር አንድ ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ለካ ያለው «ግ» ውስጥ ነው! «ሚስት» ማለት ነበር። በማግስቱ ያው ቃል ሲመጣ ደግሞ ረስቼዋለሁ። ሌሎቹ ተረቱን ጨርሰውታል፤ እኔ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ።

ባሌ «ከደከመሽ ተይው» ይለኛል። ጓደኞቼ «እንጀራ የሚያበላ ነገር ተማሪ» ይሉኛል። እናቴ ግን ስልክ ላይ «ልጅሽ አማርኛ ሳትናገር አንቺ የሞተ ቋንቋ ነው የምትማሪው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ይባስ ብላ ከትምህርት ቤት «ሚቲን ዳ» ማለትን ለምዳ መጣች፤ በኮርኒሽ እንደምን አደራችሁ ማለት ነው።

ብተወው አማቴ ያዝናሉ። እውነቱን ለመናገር ከትምህርቱ ሁሉ ደስ የሚለኝ እሳቸው መኪና እየነዱ የመንገድ ምልክቶቹን ሲያነቡልኝ ነው። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ከቀጠልኩስ ይህን ሁሉ ቃል እንዴት ልያዘው?

ከፔንዛንስ አጠገብ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጉዳይ አለ። አንዱ የቃላቱ ነው፤ ሌላው የእናትሽ ስልክ። ቃላቱ ይቀላሉና በእነሱ ልጀምር።

«ሚስት» የምትለዋ ቃል ያንገላታችሽ አንቺ ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። ኮርኒሽ እንደ ዘመዶቹ እንደ ዌልሽና እንደ ብረቶን የቃሉን የመጀመሪያ ድምፅ ይቀያይራል። «ግውሬክ» ሚስት ናት፤ «ሚስቱ» ስትይ ግን «ግ» ይዋጥና «ኢ ውሬክ» ይሆናል። «ማም» እናት ናት፤ «እናቲቱ» ግን «አን ቫም»። «ቤነን» ሴት ናት፤ «ሴቲቱ» «አን ቬነን»። እንግዲህ «ም»ም «ብ»ም ወደ «ቭ» ነው የሚሄዱት። በ«ቭ» የጀመረ ቃል ስታጪ መጀመሪያ «ም» ውስጥ፣ ካልሆነ «ብ» ውስጥ ፈልጊ። በ«ው» የጀመረ ከጠፋብሽ «ግ»ን ሞክሪ። ይህቺን ብቻ ብታውቂ ብዙ ሌሊት ይተርፍልሻል። አማርኛ የሚማር ፈረንጅም እኮ «አልመጣችም»ን «አ» ውስጥ ሲፈልግ ያድራል፤ ያለችው «መ» ውስጥ ነው።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። የኮርኒሽ አጻጻፍ ለረጅም ጊዜ አንድ አልነበረም። የሚያስማማ መደበኛ አጻጻፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ እሱም የቀደመውንና የኋለኛውን ዘመን ቅርጽ ጎን ለጎን ይፈቅዳል። «ራስ» አንዱ ዘንድ «ፔን» ነው፣ ሌላው ዘንድ «ፔድን»። የጆዋን ተረት ደግሞ የኋለኛው ዘመን ነው። ያሳተመው ኤድዋርድ ሉይድ የሚባል የዌልስ ሊቅ ነው፤ ኮርንዎል ድረስ ሄዶ ቋንቋውን አጥንቶ በ1707 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። ስለዚህ የያዝሽው ወረቀት በአንድ አጻጻፍ፣ መዝገበ ቃላትሽ በሌላ ሊሆን ይችላል። አስተማሪሽን «ይህ ጽሑፍ በየትኛው አጻጻፍ ነው? ከየትኛው መዝገበ ቃላት ጋር ይሄዳል?» ብለሽ ጠይቂያት። አካዴሚ ከርነዌክ የሚባለው የቋንቋው ተቋም ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ካልያዝሽው እሱን ያዢ።

አሁን ወደ እርሳስሽ ልምጣ። የንባብ ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ያለ እርዳታ፣ ሳይጨናነቁ ለማንበብ ከ100 ቃላት ወደ 98ቱን ማወቅ ያስፈልጋል ይላሉ። ያንቺ ወረቀት እንደነገርሽኝ ከሆነ ግማሹን እንኳ አታውቂውም። እንዲህ ያለ ነገር ንባብ አይባልም፤ ቁፋሮ ነው። እየቆፈሩ ደግሞ ተረት አይሰማም። ቃሉን በማግስቱ የረሳሽውም ለዚህ ይመስለኛል። ቃሉ ላይ የደረስሽው ታሪኩን ተከትለሽ ስላልሆነ የሚይዘው ነገር አላገኘም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ታሪኩን እወቂው። ሙሉውን፣ እስከ መጨረሻው፣ በእንግሊዝኛ ትርጉም አንብቢው። ማጭበርበር ይመስልሽ ይሆናል፤ አይደለም። አንቺ ልጅ ሆነሽ ተረት ስትሰሚ መጨረሻውን እያወቅሽ አይደል እንደገና ንገሩኝ የምትይው?

እኔም ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ትርጉሙን ፈልጌ አነበብኩት። ለአንባቢዎቼም በአጭሩ ልንገራቸው። ጆዋንና ሚስቱ ሴንት ሌቨን በሚባል ደብር፣ «የአውራ በግ ቤት» በሚባል ስፍራ ይኖራሉ። ሥራ ይጠፋል። ጆዋን ሚስቱን ተሰናብቶ ወደ ምሥራቅ ይሄድና አንድ ገበሬ ቤት በዓመት ሦስት ፓውንድ ይቀጠራል። ዓመቱ ሲያልቅ ጌታው ገንዘቡን ያሳየውና «ይኸው ደመወዝህ፤ ከመለስክልኝ ግን አንድ ምክር አስተምርሃለሁ» ይለዋል። ጆዋን ገንዘቡን ይመልሳል። ምክሩ «አሮጌውን መንገድ ለአዲሱ ብለህ አትተው» ነው። ሁለተኛው ዓመት ያልቃል፤ ያው ገንዘብ፣ ያው ንግግር። «ሽማግሌ ወጣት ሚስት ባገባበት ቤት አትደር።» ሦስተኛው ዓመት፣ እንደገና። «አንዴ ከመምታትህ በፊት ሁለቴ ተመታ።» ሰውየው ሦስት ዓመት ሠርቶ ባዶ እጁን፣ የእመቤቲቱን አንድ ዳቦ ብቻ ይዞ ይመለሳል። ከሚስትህ ጋር እጅግ ደስ ባላችሁ ሰዓት ቁረሱት ብለውታል።

ሦስቱም ምክሮች መንገድ ላይ ይደርሳሉ። ወንበዴ አለ፣ ግድያ አለ፣ በሐሰት የተከሰሱ ነጋዴዎች አሉ። የእኔን ልብ የያዘው ግን የመጨረሻው ነው። ጆዋን ሌሊት ቤቱ ይደርሳል። ከውስጥ፣ ከሚስቱ ጋር የሌላ ወንድ ድምፅ የሰማ ይመስለዋል። እጁን ወደ ቢላዋው ይሰዳል። ምክሩ ትዝ ይለውና ተመልሶ ወጥቶ በሩን ያንኳኳል። ለካ ሲሄድ ሚስቱ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አልጋው ላይ ያለው ልጁ ነው። ዳቦውን ሲቆርሱት ዘጠኙም ፓውንድ ውስጡ ተጋግሮ ተቀምጧል።

አሁን አስተማሪሽ ይህን ተረት ለምን እንደመረጠች ይታይሻል። የደመወዙ ንግግር ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ዓመት፣ ደመወዝ፣ ጌታ፣ ፓውንድ፣ ምክር፤ እነዚያው ቃላት፣ በዚያው ቅደም ተከተል። በየመሃሉ ደግሞ «ሜድ ጆዋን»፣ «አለ ጆዋን» አለ። በአፍ የሚነገር ተረት ድሮም የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሰሚው እንዲይዘው። አንቺ ግን አንድ ጊዜ የሚመጣውንም ሃያ ጊዜ የሚመጣውንም ቃል እኩል አክብረሽ በእርሳስ ጻፍሽው።

ስለዚህ ንጹሕ ኮፒ ለምኚና የጠቆረውን ወረቀት አስቀምጪው። ከንጹሑ ላይ የመጀመሪያውን የደመወዝ ንግግር ብቻ አንብቢ፤ ጥቂት መስመር ነው። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። ደጋግሞ የሚመጣ አራት አምስት ቃል ምረጪና ደብተርሽ ላይ ጻፊ፤ ለብቻው ሳይሆን ከነሐረጉ። «ጎበር፣ ደመወዝ» ብለሽ ከምትጽፊ ጌታው የተናገረውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ገልብጪው። ቃሉ ሲጠፋብሽ ሰውየው ገንዘቡን ዘርግቶ ይታይሻል። አንዴ ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋውን ቃል ዝም ብለሽ እለፊው። እውነቴን ነው፣ እለፊው። በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ንግግር ደግመሽ አንብቢና ወደ ሁለተኛው ዓመት ተሻገሪ፤ አብዛኛውን ታውቂዋለሽ።

የሌሊት ፈረቃ ለሠራ አንጎል መዝገበ ቃላት አይሆንም። ከሥራ ስትወጪ አትክፈቺው። አማቴ የምትያቸውን ሰው ግን ተጠቀሚባቸው። ያቺን አንድ ንግግር ስልክሽ ላይ አንብበው ይቅዱልሽ፤ አውቶቡስ ላይ ስሚው። ወደ ክፍል ስትሄዱ መኪና ውስጥ እሳቸው ጌታው፣ አንቺ ጆዋን ሁኑ። ዓመቱ ሲቀየር ተቀያየሩ። የመንገድ ምልክት ሲያነቡልሽ ደስ ይለኛል ያልሽው እኮ ቀላል ነገር አይደለም። «ፔን» ራስ ወይም የምድር ጫፍ ነው፤ ፔንዛንስ ራሷ «ቅዱስ ጫፍ» ናት። «ፖርዝ» ወደብ፣ «ትሬ» የእርሻ መንደር፣ «ቺ» ቤት። ጆዋን የወጣባት ሴንት ሌቨንም ከእናንተ ብዙ አትርቅም። አንድ ቅዳሜ ልጅሽን ይዛችሁ ሦስታችሁ ብትሄዱ ምን ይላችኋል?

ከመጽሐፍ ውጭ መስማት ካማረሽ «ዬዝ አን ዌሪን» የሚባሉ የጭውውት ስብሰባዎች አሉ። ብዙ ጊዜ መጠጥ ቤት ወይም ካፌ ውስጥ ነው። መጠጥ ቤት ሲባል አትደንግጪ፤ ቡናሽን ይዘሽ ማዳመጥ ትችያለሽ።

ወደ ከባዱ ልምጣ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለራሷ ለነፍስሽ። እናትሽ ያን ቀን ባትደውል ኖሮ ልተወው ወይ ብለሽ ታስቢ ነበር? ተረቱ ነው የከበደሽ ወይስ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ የቀረው ዝምታ?

ቋንቋው ሞቷል ለሚለው መልስ አለሽ። የመጨረሻዋ ተናጋሪ እየተባለች የምትጠራው ዶሊ ፔንትሪዝ ያረፈችው በ1777 ነው፤ የኖረችባት ማውዘልም እናንተው አጠገብ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ከዚያ ሄንሪ ጄነር የሚባል ሰው በ1904 የቋንቋውን መማሪያ አሳተመ፤ ሰዎችም ከመጽሐፍ እየተማሩ ለልጆቻቸው ማውረስ ጀመሩ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2002 እውቅና ሰጠው። ዩኔስኮ በ2010 «የጠፋ» የሚለውን አንሥቶ «እጅግ አደጋ ላይ ያለ» አለው። በ2011 ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ዋና ቋንቋዬ ኮርኒሽ ነው ያሉት 557 ሰዎች ናቸው። ትንሽ ነው፤ ግን እንዲህ ባለ ቋንቋ ውስጥ አንድ ወንበር መሙላት ትርጉም አለው። አማትሽ የሚያናግሩት ሰው ብዙ የላቸውም።

ይህን ሁሉ ለእናትሽ ብትነግሪያቸው ግን የሚረኩ አይመስለኝም። የጠየቁሽ ስለ ኮርኒሽ አይደለማ። «የልጅ ልጄን ማናገር አቃተኝ» ነው ያሉሽ፤ በቁጣ መልክ ስለመጣ ነው ያልተሰማሽ። ይህ እውነተኛ ኀዘን ነው። ቁጥርና ዓመተ ምሕረት አያጽናናውም። «እማዬ፣ ገብቶኛል፤ እኔንም ይቆጨኛል» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበልጥ ትሠራለች።

ደግሞስ ማን ነው ሁለቱን ቋንቋዎች ያጣላቸው? በሳምንት አንድ ማታ ኮርኒሽ መማርሽ ከልጅሽ አማርኛ የቀማው ነገር ያለ አይመስለኝም። አማርኛው የቀረው ቤት ውስጥ ሰዓት ስላልተሰጠው ነው። አንቺ ሌሊት ትሠሪያለሽ፤ ባልሽ አማርኛ አይናገርም፤ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ትሰማለች። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። አንዲት እናት ብቻዋን አንድ ቋንቋ ስትሸከም ከባድ ነው። ይሄኔ ያው ተረት ይጠቅምሻል።

ጆዋንን ለልጅሽ በአማርኛ ተርኪላት። መኝታ ሰዓት፣ ፈረቃ በሌለብሽ ቀን። «ተረት ተረት» በያት፤ «የላም በረት» ማለትን አስተምሪያት። ከዚያ ጌታውን ሁኚ፦ «ጆዋን፣ ደመወዝህ ይኸው። ከመለስክልኝ ግን አንድ ምክር እነግርሃለሁ።» በመጀመሪያው ዓመት አንቺ ብቻ ትያለሽ። በሁለተኛው ዓመት «ጆዋን፣ ደመወዝህ...» ብለሽ ቆም በይ። ልጅ እንዲህ ያለ ክፍተት አያልፍም፤ «ይኸው!» ትልሻለች። በሦስተኛው ዓመት ንግግሩ የእሷ ነው። መልሷ እንግሊዝኛ ከሆነ አትቆጪ፣ አታርሚያት፤ ያንኑ በአማርኛ ደግመሽ ቀጥይ። ሽማግሌው የሚገደልበትን ክፍል ለሰባት ዓመት ልጅ ባትነግሪያት ይሻላል። በሐሰት ተከሰሱ፣ ጆዋን እውነቱን ተናገረ ብለሽ እለፊው።

ከሁለት ሦስት ማታ በኋላ ስልኩን ለልጅሽ ስጫትና ለአያቷ ትንገራቸው። ይሰባበራል፤ ይሰባበር። እናትሽ «ከዚያስ?» እያሉ ያወጧታል፤ አያቶች ይህን ሥራ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁበታል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ እሳቸው ከራሳቸው ተረት አንድ ይንገሯት። አንቺም ተረቱን በአማርኛ ደጋግመሽ ስትተርኪ ቅደም ተከተሉ ደምሽ ውስጥ ይገባል፤ ኮርኒሹን ስታነቢ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል መገመት ትጀምሪያለሽ። እርሳስ ይዘሽ ያደርሽበትን ሥራ ግምቱ ይሠራልሻል።

ይህን ሁሉ ሞክረሽ ከከበደሽስ? ተይው፤ ኀጢአት አይደለም። የሌሊት ሠራተኛ ነሽ፣ እናት ነሽ። ግን አማትሽ መቅረትሽን ከባልሽ አፍ አይስሙት። ራስሽ ንገሪያቸው። ወረቀቱን ትተሽ የመኪናውን ንባብ ብቻ መቀጠልም ይቻላል፤ ክፍሉ የአንቺ ባይሆን መንገዱ የሁለታችሁ ነው። ወይም እስከ ገና ሞክሪና ያኔ ወስኚ። አሁን በደከመ ዓይን፣ ከእናትሽ ስልክ ማግስት ባትወስኚ ግን ደስ ይለኛል። ሌሎቹ ተረቱን ጨርሰውታል ያልሽውንም አትመኚው። ገጹን ጨርሰው ይሆናል፤ በቃላቸው መተረክ ሲመጣ ነው የሚታየው።

የገና በኋላውን ነገር ከወዲሁ አስተካክዪው። ዛሬ ወደ ሥራ ከመሄድሽ በፊት ለአስተማሪሽ አጭር መልእክት ላኪ፦ «የመጀመሪያውን ዓመት ለእኔ፣ ሁለተኛውን ለአማቴ ስጪን፤ እየተቀባበልን እንተርካለን።» የምታጠኚው ንግግር አንድ ብቻ ይሆናል፤ ስትሳሳቺም ቀጥሎ የሚይዝልሽ ሰው አጠገብሽ ተቀምጧል። ግድያውን ሌላ ተማሪ ይውሰደው።